«ተወረሰ» ሲባል፦ የአጭበርባሪው ቤት፣ የተበዳዩ ገንዘብና የእኛ ትዝታ

(ፍሪስኮ፣ ቴክሳስ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር)



የሥራ ቀናችሁን ጨርሳችሁ፣ ገሚሶቻችሁም የሌሊት ተራችሁን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ እዚህ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ ደረቅ ነው። በማጭበርበር ወንጀል የተፈረደበት ሰው ንብረት እንዴት እንደሚወረስ ተናገር ነው የተባልኩት። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የራሱ ጉዳይ ያለበት ሰው ጠበቃ ይጠይቅ። እኔ የማቀርበው ማንም ዜጋ ሊያውቀው የሚገባውን ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራም «በእኛ» ካላልኩ በቀር የፈረንጆቹን አቆጣጠር ማለቴ ነው።

ይህን ርእስ እንድንነጋገርበት ያደረጉን አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውንም ጉዳያቸውንም አላነሣም። ለብዙ ዓመታት ሆቴል አጽድተው፣ የሰው ልጅ አሳድገው ያጠራቀሙትን ገንዘብ «በወር ይህን ያህል ትርፍ እሰጥዎታለሁ» ላላቸው ሰው አስረከቡ። ሰውየው ተያዘ፣ ተፈረደበት። ከዚያ እኚህ እናት እኔን ጠርተው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ቤቱን መንግሥት ወረሰው አሉኝ። ለመሆኑ መንግሥት ምኑን ተሰረቀ? የተሰረቅሁት እኔ! ደግሞ እዚህም ደርግ መጣብን እንዴ?»

«እማማ፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ተለየኋቸው። ዛሬ የምናገረው በሙሉ ለእኚህ እናት ጥያቄ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። በአማርኛችን «ወረሰ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ልጅ የአባቱን ቤት ይወርሳል፤ መንግሥትም የሰውን ቤት ይወርሳል። አንዱ ቃል ለበረከትም ለመዓትም ያገለግላል። ከእናንተ መካከል ዕድሜው የፈቀደለት ሁሉ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ምን እንደነበር ያስታውሳል። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ከመቶ ብር በታች የሚከራየው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ገባ። ባለቤቱ ምን ወንጀል ሠራ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ክስ አልነበረም፣ ምስክር አልነበረም፣ ፍርድ አልነበረም። ከደመወዟ ቆጥባ ሁለት ክፍል ሠርታ የምታከራይ መበለትም፣ መንደር ሙሉ ቤት የነበረው መስፍንም በአንድ አዋጅ ተጠረጉ። ስለዚህ የኛ ሰው «ተወረሰ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ቁስሉ ገና አልሻረም።

አሁን ወደዚህ አገር ሕግ ልምጣ።

ፍሪስኮ በኮሊንና በዴንተን ካውንቲዎች ላይ የተንጣለለች ከተማ ናት። በ2000 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር ከ34 ሺህ አይበልጥም ነበር። በ2020 ግን 200 ሺህ አለፈ። ከተማ እንዲህ በፍጥነት ሲያድግ ሠርቶ አደሩም ይመጣል፣ በአቋራጭ ልክበር ባዩም ይከተለዋል። እዚህ የሚፈጸም የፌዴራል ወንጀል የሚታየው በቴክሳስ ምሥራቃዊ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው፤ ችሎቶቹም ሸርማንና ፕሌኖ ይገኛሉ። ደቡቡ፣ ማለትም ዳላስና ፎርት ወርዝ፣ የሰሜናዊው ዲስትሪክት ነው።

አንድ ሰው በስልክ፣ በኢንተርኔት ወይም በባንክ ዝውውር ሰው አጭበርብሮ ጥፋተኛ ከተባለ ዳኛው ሦስት ነገር ይወስናል። አንደኛው እስራቱ ነው። ሁለተኛው ለተበዳዮች የሚከፈለው ካሳ ነው፤ በ1996 የወጣው ሕግ በማጭበርበር ወንጀል ይህን ካሳ በአብዛኛው ግዴታ አድርጎታል። ሦስተኛው የዛሬው ርእሳችን የሆነው የወንጀል ፍሬን መውረስ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ካሳና ውርስ አንድ አይደሉም። ካሳ የሚለካው ተበዳዩ በጎደለበት ነው። ውርስ የሚለካው አጥፊው ባገኘው ነው። ካሳ ለተበዳዩ የሚከፈል ዕዳ ነው። ውርስ ግን ንብረቱን ወደ አሜሪካ መንግሥት ስም ያዛውራል። የእኚያ እናት ግራ መጋባት ከዚህ የመጣ ነው። ከመሬት ተነሥቶ የመጣም አይደለም፤ በሕጉ ውስጥ ያለ እውነተኛ ነገር ነው።

ታዲያ አፈጻጸሙ እንዴት ነው? መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ በክሱ ወረቀት ላይ «ንብረት እንዲወረስ እጠይቃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ሳይነገር በድንገት የሚመጣ ውርስ የለም። ከዚያ ጥፋተኝነቱ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ዳኛው፣ ወይም ተጠይቆ ከሆነ ጁሪው፣ «ይህ ቤት፣ ይህ መኪና፣ ይህ የባንክ ሒሳብ ከወንጀሉ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ የሚመረምረው። በዚህ ደረጃ የሚጠየቀው ማስረጃ ለጥፋተኝነት ከሚጠየቀው ያነሰ ነው፤ ሚዛኑ ወደ አንዱ ወገን ካጋደለ ይበቃል። ሆኖም ግንኙነቱ መታየት አለበት።

ግንኙነቱ ከታየ መጀመሪያ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይወጣል። ጊዜያዊ የተባለው ለምን ይመስላችኋል? ሌላ ባለመብት ሊኖር ስለሚችል ነው። ሚስት ልትኖር ትችላለች፣ ባንክ ሊኖር ይችላል፣ መኪናውን ሳያውቅ በቅን ልቡና የገዛ ሰው ሊኖር ይችላል። ማስታወቂያ ይወጣል፤ ባለመብት ነኝ የሚል በ30 ቀን ውስጥ አቤቱታውን ያስገባል። ዳኛው ሰምቶ ይወስናል። የመጨረሻው ትእዛዝ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወገኖቼ፣ ይህችን 30 ቀን አትርሷት! በእኛ ልማድ የመንግሥት ፖስታ ሲመጣ ፈርተን መሳቢያ ውስጥ እንከታለን። ፖስታው መሳቢያ ውስጥ ሲተኛ መብትም አብሮት ይተኛል።

አሁን አንዳንዱ «ቤቱን በወንድሜ ስም አደርገዋለሁ፣ ገንዘቡን አዲስ አበባ ልኬ ፎቅ እሠራበታለሁ» ይል ይሆናል። ሕጉ ይህንንም አስቦበታል። የመንግሥት መብት የሚጀምረው ፍርድ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን ወንጀሉ ከተፈጸመበት ቀን ነው ይላል። ስለዚህ ለወንድም የተሰጠ ስጦታ አይጸናም፤ የሚድነው ነገሩን ሳያውቅ ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ የገዛ ሰው ነው። ገንዘቡ ከተደበቀ፣ ከአገር ከወጣ ወይም ከሌላ ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ መለየት ካልተቻለ ደግሞ ዳኛው በዚያው ልክ ሌላ ንብረት በምትኩ ሊወርስ ይችላል፤ ምትኩ በላብ የተገዛ ንጹሕ ንብረት ቢሆንም እንኳ። ቦሌ ላይ ፎቅ የሠራ ሰው ፍሪስኮ ያለ ቤቱን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። በፊተኛው ገንዘብ በውድ መኪና የተንሸራሸረ፣ በኋለኛው ልጆቹ ያደጉበትን ቤት ይከፍላል።

ከእኛ ብዙም የማይርቅ ምሳሌ ልስጣችሁ። በኮቪድ ጊዜ መንግሥት ለትንንሽ ድርጅቶች የደመወዝ ብድር ሲሰጥ አንድ የኮፔል ነዋሪ ሐሰተኛ ማመልከቻ እያስገባ ወደ 24 ነጥብ 8 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከ17 ሚሊዮን በላይ ወሰደ። ቤት ገዛበት፣ የቤት ዕዳ ከፈለበት፣ ቤንትሌ ነዳበት፣ ወደ ውጭ አገርም ላከ። በ2021 ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። ስምንት ቤቶች፣ መኪኖቹና ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሊወረስ ተስማማ። ከ17 ሚሊዮን የሚበልጥ ካሳ እንዲከፍልም ተወሰነበት። የሰው ነገር ሆኖ ሲሰማ ያስቃል፤ የራስ ወገን ሲሆን ግን ያስለቅሳል።

ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። «የእኔ ገንዘብስ?»

መልሱ እንዲህ ነው። በተወረሰው ገንዘብ ላይ ተበዳይ በቀጥታ የባለቤትነት መብት የለውም። በዚያ የ30 ቀን ክርክር ውስጥ ገብቶ «ያ ቤት የኔ ነው» ቢል አብዛኛውን ጊዜ አይሳካለትም፤ ሕጉ እንደ ተራ አበዳሪ ነው የሚያየው። ነገር ግን ሌላ በር አለ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የተወረሰውን ንብረት ሸጦ ገንዘቡን ለተበዳዮች እንዲመልስ ሕግ ይፈቅድለታል። ግን ይፈቅድለታል እንጂ አያስገድደውም። ተበዳዩ ማመልከት አለበት፤ ወይም ፍርድ ቤቱ በካሳ ትእዛዙ ላይ ስሙንና የጎደለበትን መጠን ማስፈር አለበት። ገንዘቡ በቀጥታ ከዚያ ወንጀል የተነሣ የጠፋበት መሆኑን በሰነድ ማሳየት አለበት። በማጭበርበሩ ተካፋይ መሆን የለበትም። ከሌላ ቦታ የተካሰም እንደገና አይከፈለውም።

ይህ በር ባዶ እንዳልሆነ የሚያሳየው የበርናርድ ማዶፍ ጉዳይ ነው። በ2009 የ150 ዓመት እስራት የተፈረደበት ይህ ሰው የብዙ ሺህ ሰው ጥሪት በልቷል። በውርስ የተሰበሰበው ገንዘብ የተከፋፈለበት የተበዳዮች ፈንድ ሥራውን ሲያጠናቅቅ፣ በ2024 መጨረሻ ላይ፣ በ127 አገሮች ለሚገኙ ከ40 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ከ4 ነጥብ 3 ቢሊዮን ዶላር በላይ መልሷል። ከጠፋባቸው ወደ 94 በመቶ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ የተገኘው ከማዶፍ ኪስ አልነበረም። ትልቁ ድርሻ የመጣው ከእርሱ ጋር ሆኖ ካተረፈ አንድ ባለሀብት ውርስና እያየ ዝም ካለ ባንክ ነው። እውነተኛ ምርመራ ሲኖር ሌባውን ብቻ ሳይሆን በሌባው የከበረውንም ይደርስበታል።

ሁሉም ግን እንዲህ አይሳካም። የቴክሳሱን አለን ስታንፎርድ አስታውሱ። 7 ቢሊዮን ዶላር የደረሰ ማጭበርበር ነው፤ በ2012 ሂዩስተን ላይ 110 ዓመት ተፈረደበት፤ 5 ነጥብ 9 ቢሊዮን ዶላር የውርስ ፍርድም ተሰጠበት። ነገር ግን የፍርድ ወረቀት ገንዘብ አይደለም። በውጭ አገር ባንኮች ታግዶ የተገኘው 330 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። የቀረውን ለማሰባሰብ የዳላስ ፍርድ ቤት በ2009 የሾመው ንብረት ጠባቂ ከባንኮች ጋር ሲሟገት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በዚህ መካከል ስንቱ ሽማግሌ ገንዘቡን ሳያይ አለፈ!

ስለዚህ እማማ፣ መልሴ ይኼ ነው። እዚህ የመጣው ደርግ አይደለም። ነገር ግን ዝም ብሎ የሚጠብቀውን ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ የሚከፍል መንግሥትም አይደለም። ደረሰኝዎን፣ የቼክ ቅጂዎን፣ የስልክ መልእክትዎን ይያዙ። በዐቃቤ ሕግ ቢሮ የተበዳዮች ጉዳይ የሚከታተል ሰው አለ፤ ስምዎ መዝገቡ ላይ መስፈሩን ያረጋግጡ። ቋንቋው ካስቸገረዎት እኛ ልጆችዎ አለን።

አሁን እርስ በርሳችን እንነጋገር። እውነቱን ለመናገር የኛን ሰው የሚያጭበረብረው ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም፤ የራሳችን ሰው ነው። አብሮን ያስቀድሳል፣ ክርስትና ያነሣል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። እዚሁ ሰሜን ቴክሳስ «የገንዘብ ዶክተር» እየተባለ በክርስቲያን ሬድዮ ይሰብክ የነበረው ጋላገር የተባለ ሰው፣ ማስታወቂያውን «እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ» እያለ እየዘጋ፣ ከአረጋውያን 32 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰብስቦ በልቷል። በ2021 የታራንት ካውንቲ ፍርድ ቤት ሦስት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። አጭበርባሪ መጀመሪያ የሚሰርቀው ገንዘብ አይደለም፤ እምነትን ነው።

እቁባችን ያማረ ባህል ነው። አያቶቻችን ያለ ባንክና ያለ ጠበቃ ሱቅ የከፈቱበት፣ ልጅ የዳሩበት ነው። ነገር ግን እቁብ ትርፍ አይሰጥም፤ የከፈልከውን ያህል ነው የምትወስደው። በእቁብ ስም «በወር አሥር ከመቶ» የሚል ሰው ካያችሁ እቁብ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። ኢንቨስትመንት የሚሸጥላችሁን ሰው የቴክሳስ ስቴት የሴኩሪቲስ ቦርድ ያውቀው እንደሆነ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ቅን ሰው ሲጠየቅ ሰነድ ያወጣል፤ አጭበርባሪ ሲጠየቅ ይቆጣል።

ሌላም ነውር አለብን። የኛ ሰው ሲታሰር ለጠበቃ ገንዘብ እናዋጣለን። ማንም ሰው ጠበቃ ማግኘት አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ለተበዳዮቹስ ማን አዋጣ? «የወገንን ገመና አታውጪ» ተብላ አፏን የተያዘች ስንት እናት አለች? የሰውየው ሚስትና ልጆችስ? ምንም ሳያውቁ ቤታቸው በሐራጅ ሲሸጥ ከልጆቹ ፊት የምናዞር ከሆነ እኛም ያለ ፍርድ ወረስናቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአሜሪካን ሕግ እያመሰገንኩ ብቻ ብሄድ ዋሾ እሆናለሁ። በዚሁ በቴክሳስ፣ ቴናሃ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፖሊሶች መንገደኛ እያስቆሙ፣ አብዛኞቹም ጥቁሮች ነበሩ፣ ምንም ክስ ሳይመሠርቱ ገንዘባቸውን ይወስዱ ነበር። ተበዳዮቹ በ2008 ከሰሱ፤ በ2012 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ይህ የሆነው በወንጀል ፍርድ ሳይሆን «የፍትሐ ብሔር ውርስ» በሚባለው መንገድ ነው፤ ተከሳሹ ሰውየው ሳይሆን ዕቃው ነው። ፍርድን መዝለል የተፈቀደበት ቦታ ሁሉ እጅ ይረዝማል። አሜሪካም ውስጥ ቢሆን!

ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። በ1994 ባጃካጂያን የተባለ ስደተኛ ከሎስ አንጀለስ ሲወጣ 357,144 ዶላር ሳያስመዘግብ ተያዘ። ገንዘቡ ንጹሕ ነበር፤ ያለበትን ዕዳ ሊከፍል ነበር የያዘው። ጥፋቱ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የያዘ ሰው መናገር ሲገባው አለመናገሩ ነው። መንግሥት ሙሉውን ልውረስ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ «ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም» ብሎ ከለከለ። ወደ አገር ቤት ገንዘብ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ይህችን ጉዳይ አስቧት፤ አስመዝግቡ። በ2017 ደግሞ በወንድሙ ሱቅ ተቀጥሮ በደመወዝ ይሠራ የነበረን ሰው «ወንድምህ ያተረፈውን አንተ ክፈል» ሲሉት ያው ፍርድ ቤት «እጁ ያልገባውን አይወረስም» አለ። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ስደተኛና አንድ የሱቅ ሠራተኛ የዓለምን ኃያል መንግሥት ተከራክረው ረቱ። እኛ አገር ግን ተረታችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ነው።

ወደ አገራችን ልግባ፤ ያለዚያ ንግግሬ ሙሉ አይሆንም።

ሌላው ተረታችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ይህ ተረት ለዘመናት እንደ ቀልድ ሲነገር ኖሮ የመንግሥት መመሪያ ሆነ። ግሎባል ፋይናንሻል ኢንተግሪቲ የተባለው ተቋም በ2011 ባወጣው ጥናት ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከኢትዮጵያ በሕገ ወጥ መንገድ የወጣውን ገንዘብ 11 ነጥብ 7 ቢሊዮን ዶላር አድርሶታል። ያ ገንዘብ የማን ነው? የተበዳዩ ስም ዝርዝር ቢጻፍ ያችን አገር የሚያክል ወረቀት ይፈልጋል።

ታዲያ ሙስናን መቅጣት እንፈልጋለን? አዎ! ግን ኢሕአዴግ ሙስናን እንዴት እንደቀጣ አይተናል። በ1993 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሕወሓት ሲሰነጠቅ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ወዲያው የታሰሩት የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ ነበሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይፈቱ ብላ ወሰነች። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሳይርቁ ተመልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስ እንዳይኖረው የሚከለክል አዋጅ ወጣ። አቶ ስዬ የተፈቱት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እኔ እዚህ የቆምኩት ለአቶ ስዬ ጥብቅና ልቆም አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ሕጉ ለሌባው ወጣ ወይስ ለተቀናቃኙ? ከጌታው ጋር እስከተስማማ ድረስ ያልተጠየቀ ሰው፣ በተጣላ ማግስት ሌባ ከተባለ፣ የተቀጣው ስርቆቱ ሳይሆን ጠቡ ነው።

ኢሕአዴግ በ2019 ፈርሶ ብልጽግና ተተካ። በ2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ምክር ቤቱ አዲስ የንብረት ማስመለስ አዋጅ አጸደቀ። አዋጁ በወንጀል ፍርድ ላይ ተመሥርቶ የሚደረግ ውርስን ብቻ ሳይሆን ያለ ፍርድ የሚደረገውንም፣ ምንጩ ያልታወቀ ንብረትንም ይጨምራል፤ እስከ አሥር ዓመት ወደ ኋላም ይሄዳል። ሐሳቡ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዝም ሌሎችም ምንጩ ያልታወቀ ሀብትን ይጠይቃሉ። ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ ይከለክላል። «ይህ ቅጣት አይደለም፣ ንብረት ማስመለስ ብቻ ነው» ይሉን ይሆናል። ቤቱን ለተነጠቀ ሰው ግን ስሙ ምን ይጠቅመዋል? በእጁ ሰይፍ ላለው አገዛዝ፣ ዳኛው በስልክ በሚታዘዝበት አገር፣ «የሀብትህን ምንጭ አስረዳ» የሚል አዋጅ መስጠት ለጅብ የሥጋ ቤት ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ሌቦቹ ይቅሩ?» ትሉኝ ይሆናል። አይቅሩ! ነገር ግን ማናቸውንም ውርስ፣ የደርግንም፣ የኢሕአዴግንም፣ የብልጽግናንም፣ የአሜሪካንም፣ ነገ እኛ ራሳችን ሥልጣን ብንይዝ የእኛንም፣ በአምስት ጥያቄ እንመዝነው። ፍርድ ቀደመው ወይ? ንብረቱና ወንጀሉ መገናኘታቸው ታየ ወይ? ንጹሑ ሦስተኛ ወገን ተሰማ ወይ? ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ተመጣጠነ ወይ? ገንዘቡስ በመጨረሻ ለተበዳዩ ተመለሰ ወይ?

በዚህ ሚዛን የ1967ቱ አዋጅ አምስቱንም ይወድቃል። የቴናሃ ፖሊሶችም ይወድቃሉ። የማዶፍ ጉዳይ ያልፋል። የእኚህ እናት ጉዳይ አራቱን አልፎ አምስተኛው ላይ ቆሟል፤ የሚጠብቀው የእኛን ርብርብ ነው።

የአምስተኛው ጥያቄ ነገር ለአገራችንም ትልቅ ነው። የናይጄሪያው አባቻ ሰርቆ ካሸሸው ውስጥ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ በ2020 ከጀርሲ ደሴት ወደ ናይጄሪያ ተመልሶ ለመንገድና ለድልድይ እንዲውል ስምምነት ተደርጓል። የጋምቢያው ጃሜህ ሜሪላንድ ፖቶማክ ውስጥ የነበረው በ3 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር የተገዛ ቤት በ2022 በፍርድ ተወርሷል። ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው የፍትሕ ሚኒስቴሩ ልዩ ክፍል ግን በየካቲት 2025 እንዲዘጋ ታዝዟል። ስለዚህ የባዕድ ዐቃቤ ሕግ አገራችንን ያስመልስልናል ብለን አንቀመጥ። ሰነድ የሚሰበስብ፣ ስም የሚመዘግብ፣ ቀኑ ሲመጣ ነጻ ፍርድ ቤት ፊት የሚያቀርብ ትውልድ ያስፈልገናል። በሜዳ ላይ ጩኸት ሳይሆን በመዝገብ።

ልጨርስ ነው። አማርኛችን «ወረሰ» ለሚለው ቃል ሁለት ፊት ሰጥቶታል ብዬ ነበር። ልጆቻችን ምን እንዲወርሱ ነው የምንፈልገው? ያለ ፍርድ የተነጠቀ ቤትን? በሐሰት የተገዛ ቤትን? ወይስ የተሰረቀ ሰው «የእኔ ገንዘብስ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ ሕግን? እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ እናንተም እንደምትመርጡት አልጠራጠርም።

እኚያ እናት ዛሬ እዚህ አዳራሽ አሉ። የት እንደተቀመጡ አልናገርም። ነገር ግን ከንግግሬ በኋላ በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ልጆች ተቀምጠዋል። የመጣላችሁን ደብዳቤ፣ የያዛችሁትን ደረሰኝ፣ ያልገባችሁን ማስታወቂያ ይዛችሁ ቅረቡ። ማንም አያፍርባችሁም። ማፈር ያለበት የወሰደው እንጂ የተወሰደበት አይደለም።



እግዚአብሔር ኢትዮጵያን ይባርክ! ፍትሕ ለተበዳዮች ሁሉ!